ከጦርነቱ በኋላ ጆንያው የት ገባ? አንድ ጥያቄና ሃያ አራት ምላሾች

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የከፈትኩት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ክሩን፣ ማለትም ውይይቱን፣ ስተርክ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

የጠየቅኩት ቀላል ነገር ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1945 አለቀ። መርከቡ ወደ ንግዱ ተመለሰ፣ ወታደሩም ትጥቁን ፈታ። ታዲያ እህል፣ ስኳርና ቡና የሚቋጠርበት ጆንያ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ለምን ብርቅ ሆነ? እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። አላቆምኩም። ጦርነቱ ጆንያ የሚሠራበትን ተክል፣ የጁትን እርሻ፣ ስላወደመው ነው ብዬ መልሱን ራሴው ደረብኩበት። የትም አላነበብኩትም። እንደዚያ መሆን አለበት ብዬ ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ የእጄን አገኘሁ።

ምላሽ 1 ጨዋ ነበር። ጸሐፊዋ ርዕሱን ስላነሳሁ አመሰገነችኝና፣ ጁት የምለው ያው ቃጫ መሆን አለመሆኑን ጠየቀች። ምላሽ 2 ነገሩን አፍታታው። በአንድ ስም ጠቅልለን ቃጫ ብንላቸውም ተክሎቹ አይገናኙም። ሲሳል ከወፍራም ቅጠል ተፍቆ ይወጣል። ጁት ግን የግንድ ልጥ ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሚመዘዝ ቀጭን ተክል ነው፣ በ4 ወር ገደማ ይደርሳል። ሙቀት፣ ብዙ ዝናብና ወንዝ የሚያመጣው ደለል ይፈልጋል። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ዓለም የሚጠቀምበት ጁት ከሞላ ጎደል ከአንድ ቦታ ይመጣ ነበር፤ ጋንጅስና ብራህማፑትራ ተገናኝተው ባሕር ከሚገቡበት፣ ያኔ የብሪቲሽ ሕንድ ክፍል ከነበረው ከቤንጋል።

የመታኝ ምላሽ 3 ነው። ሰውየው ሰላምታ እንኳ አልሰጠም። የጃፓን ጦር በርማን በ1942 ቢይዝም፣ በ1944 ወደ ሕንድ ለመግባት ሲሞክር ኢምፋልና ኮሂማ ላይ ተመታ። የቤንጋሏ ከተማ ካልካታ በአውሮፕላን ተደብድባለች፣ ግን ጁቱ የሚበቅልበትን ረግረግ እግረኛ ጦር አልረገጠውም። ያልተዋጉበት እርሻ እንዴት በውጊያ እንደሚወድም እንዳስረዳው ጠየቀኝ። በመጨረሻም ካርታ ማየት ክፍያ እንደሌለው አስታወሰኝ።

ምላሽ 4 የኔ ነው። ስህተቴን ተቀበልኩና፣ እሺ ታዲያ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኩ። ክሩ በእውነት የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ምላሽ 5 ወደ ገበሬው ወሰደን። የቤንጋል ገበሬ ጁት የሚዘራበት መሬትና ወቅት ሩዝም የሚዘራበት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ዘር ከመጣሉ በፊት ዋጋ ያመዛዝናል፤ ጁት ልሽጥ ወይስ ሩዝ ልብላ? በ1943 ደግሞ ቤንጋል ላይ ከባድ ረሃብ ወረደ። የሞተው ሰው ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ይገመታል። ያንን ያየ ገበሬ ሩዙን ትቶ የማይበላ ልጥ እንዲዘራ ማሳመን ቀላል አይደለም። ጸሐፊው ስለ ጆንያ እያወራን ስለ ረሃብ መርሳት እንደሌለብን በትሕትና አሳሰበ። ልክ ነበር።

ከሁሉም ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ግን ምላሽ 6 ነው። ጸሐፊዋ ስለ እርሻ ያጠናች ትመስላለች። ጁት ታጭዶ ወዲያው ቃጫ አይሆንም። ግንዱ ይታሰርና ቅጠሉ እስኪረግፍ ጥቂት ቀን ይቆያል። ከዚያ ኩሬ ወይም ዝግ ያለ ወንዝ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ እንዳይንሳፈፍ ከላዩ ክብደት ይጫንበታል። ከ10 እስከ 20 ቀን ገደማ ውኃው ውስጥ ይሰነብታል። ቀድሞ ከወጣ ልጡ ከእንጨቱ አይለቅም። ዘግይቶ ከወጣ ቃጫው ራሱ ይበሰብሳል። ቀኑን የሚያውቀው ገበሬው ነው፤ አንድ ግንድ መዝዞ በጣቱ እየሞከረ። ሲደርስ ሰውየው እስከ ወገቡ ውኃው ውስጥ ይቆማል። የእስሩን ሥር በእንጨት መዶሻ ይቀጠቅጣል፣ ይሰብራል፣ እያርገበገበ ውኃውን ይመታበታል። እንጨቱ እየሾለከ ይወጣል፣ ልጡ እንደ እርጥብ ፀጉር እጁ ላይ ይቀራል። ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል። ከ100 ኪሎ አረንጓዴ ግንድ የሚተርፈው ደረቅ ቃጫ 5 ወይም 6 ኪሎ ነው። ይህን ሁሉ የጻፈችው አንድ ነገር ለማለት ነው፤ ይህን ሥራ ፋብሪካ ትእዛዝ ስለጨመረ ብቻ ማፋጠን አይቻልም። ዝናቡ ካነሰና ኩሬው ከደረቀ ደግሞ የቆመው ሰብል ምንም አያደርግም።

ምላሽ 7 የዓመተ ምሕረት ጉዳይ አነሳ፤ አንድ ሰው ማንሳቱ መቼም አይቀርም። 1943 በእኛ ነው ወይስ በፈረንጆቹ? ምላሽ 8 በፈረንጆቹ መሆኑን ነገረውና፣ የራሱን ሐሳብ ግን ለጥንቃቄ በሁለቱም አስቀመጠ። እንዲህ ነው፦ በነሐሴ 1939፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በኦገስት 1947፣ ብሪቲሽ ሕንድ ለሁለት ተከፈለች። ቤንጋልም አብሮ ተከፈለ። ከጁት መሬቱ ሦስት አራተኛው ያህል ምሥራቅ ፓኪስታን ውስጥ ገባ፣ የዛሬዋ ባንግላዴሽ ማለት ነው። ቃጫውን ፈትለው ጆንያ የሚሠሩት ከመቶ በላይ ፋብሪካዎች ግን ካልካታ ዙሪያ፣ በሁግሊ ወንዝ ዳርና ዳር ነበሩ። እነሱ በሙሉ ለሕንድ ደረሱ። ምሥራቅ ፓኪስታን አንድም የጁት ፋብሪካ አልነበራትም። እርሻው አንድ አገር፣ ማሽኑ ሌላ አገር።

እውነቱን ልናገር፣ ይህን ሳነብ ጥያቄዬ የተመለሰ መስሎኝ ነበር። ምላሽ 9 ደግሞ ሥዕሉን አሟላው። መስመሩን ያሰመሩት ብሪታኒያዊው የሕግ ሰው ሲሪል ራድክሊፍ ናቸው። ሥራውን እንዲጨርሱ የተሰጣቸው ጊዜ 5 ሳምንት ገደማ ነው። ድንበሩ ይፋ የሆነው ነጻነቱ ከታወጀ ከ2 ቀን በኋላ ነበር። ጁቱ ደግሞ ቀድሞ በወንዝ ጀልባ እየተጫነ ወደ ካልካታ ይወርድ ነበር። ያ የዘወትር መንገድ አሁን ጉምሩክ ተተከለበት። በሌላ ወደብ እንላከው ቢባል ቺታጎንግ ያኔ ትንሽ ወደብ ነበር። ለመርከብ የሚመቸውን 180 ኪሎ የሚመዝን ጥብቅ እስር የሚያስሩት ትልልቅ መጭመቂያዎችም በብዛት የነበሩት ካልካታ ነው።

ምላሽ 10 ሒሳብ የሚወድ ሰው ነው። መቶ ኪሎ የሚይዝ ጠንካራ የጁት ጆንያ ራሱ ወደ 1 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 1 ሚሊዮን ቶን ስንዴ ለማንቀሳቀስ 10 ሚሊዮን ጆንያ፣ ማለትም 10 ሺህ ቶን ቃጫ ያስፈልጋል። ከእህሉ ክብደት መቶኛው ብቻ ነው። ያ መቶኛ ከሌለ ግን ቀሪው ዘጠና ዘጠኙ ካለበት አይነቃነቅም። ወድጄዋለሁ።

ምላሽ 11 ሁላችንንም አስቆመን። ክፍፍሉ የመጣው በ1947 ነው። እጥረቱ ግን በ1945 እና በ1946ም ነበር። ውጤት ከምክንያቱ ቀድሞ አይወለድም ሲል ትንሽ ጠንከር ባለ ቋንቋ ወረፈን። የራሱን ምክንያቶች ደረደረ፦ ፋብሪካዎቹ በጦርነቱ ጊዜ የድንጋይ ከሰል አጥሯቸዋል፣ ማሽናቸውም አርጅቷል። በኦገስት 1946 ካልካታ ውስጥ በሂንዱና በሙስሊም መካከል ደም ፈሰሰ፣ ሠራተኛው ወደ ሥራ የሚሄድበት ቀን ጠፋ። በዚያ ላይ አውሮፓም እስያም ተርበው እህል በአንድ ጊዜ ከየአቅጣጫው መጫን ነበረበት። ሁሉም ጆንያ የሚፈልገው በዚያው ሳምንት ነው።

ምላሽ 12 አንድ ሁላችንም የዘነጋነውን ነገር ጨመረ። ጆንያ የአንድ ጊዜ ዕቃ አይደለም፣ ተመላላሽ ነው። እህል ይዞ ይሄዳል፣ ተራግፎ ይመለሳል፣ ተጠግኖ እንደገና ይሄዳል። የጦርነት ጆንያ ግን አይመለስም። አሸዋ ተሞልቶ ምሽግ ይሆናል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ እዚያው ይበሰብሳል። የካልካታ ፋብሪካዎችና የስኮትላንዷ ደንዲ ለዓመታት የሠሩት የአሸዋ ከረጢት በዚሁ መንገድ አለቀ። በዚህ አጋጣሚ ስለ ደንዲ አንድ ወሬ ጣል አደረገ፦ ጁት ደረቅና ሻካራ ስለሆነ ማሽን ላይ እየተበጣጠሰ አስቸግሯቸው ነበር። በ1830ዎቹ መፍትሔ ያገኙት በውኃና በዓሣ ነባሪ ዘይት በማለስለስ ነው። ከተማዋ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ወደብ ስለነበረች ዘይቱ እጃቸው ላይ ነበር። የመጀመሪያው የሁግሊ ፋብሪካ በ1855 ሪሽራ ላይ ሲተከልም ማሽኑ የመጣው ከደንዲ ነው። በኋላ ልጅቷ እናቷን በለጠች።

ምላሽ 13 የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው መጋዘን ውስጥ አሮጌ ጆንያ እየለዩ ሠርተዋል። ጽሑፋቸው ነጠላ ሰረዝም አራት ነጥብም የለውም፣ ግን እጃቸው ይታያል። ጆንያው መጀመሪያ ይገለበጣል። ከዚያ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ያራግፈዋል፣ አቧራው መጋዘኑን ይሞላል፣ በጨርቅ አፍ ካልሸፈኑ ማታ ጥቁር ያስላል። ቀጥሎ ወደ ብርሃን ይነሳል። ብርሃን የሚያሳልፍበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነው። ትንሹ በሲባጎ ተሰፍቶ ይዘጋል። ትልቁ ከሌላ ከሞተ ጆንያ በተቆረጠ ቁራጭ ይጣፋል፣ ሥራውም በጎባጣ መርፌ ነው። ስኳር የያዘውን ለዱቄት አይሰጡትም። ኬሚካል የነካውን ለእህል ፈጽሞ። አንድን ጆንያ በሽታው ብቻ ምን ይዞ እንደነበር ይለዩ እንደነበር ጽፈዋል። አንድ ቀን ግን ተሳስተው ዘይት የነካውን ከንጹሖቹ ጋር ቀላቅለውት፣ አለቃቸው ሙሉውን ክምር እንደገና አንድ በአንድ እንዲያሸቱ አደረጋቸው። ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ይጠራቸው ጀመር። ምላሽ 3 ላይ እኔን የሰደበኝ ሰውዬ እንኳ አንቱ ብሎ ጻፈላቸው።

ከ14 እስከ 17 ክሩ መንገድ ሳተ። ምላሽ 14 በአሜሪካ በጨርቅ ከረጢት ስለተሰፉ ቀሚሶች አነሳች። የዱቄትና የመኖ ድርጅቶች ከጥጥ የተሠራ ከረጢታቸውን በአበባ ያትሙት ነበር፣ እናቶችም ሦስት ያህሉን አጋጥመው አንድ ቀሚስ ይሰፉ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ጁት ከሕንድ እንደ ልብ ስለማይመጣ የጥጡ ከረጢት ይበልጥ ተፈለገ። ምላሽ 15 ባሎች መኖ ሊገዙ ሲላኩ የትኛውን አበባ እንደሚያመጡ ታዝዘው ይሄዱ እንደነበር አከለ። ምላሽ 16 ፎቶ ለጠፈ። ምላሽ 17 ከጁት ቀሚስ መስፋት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ጋሼ በአንድ መስመር መለሱለት፤ አንድ ቀን ጆንያ በራቁት ትከሻ ተሸክሞ ይሞክረው።

ነገሩ የተካረረው ምላሽ 18 ላይ ነው። ጸሐፊው ዋናውን ጉዳይ እንዳልነካነው፣ ወሬያችን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም እንደሆነ ገለጸ። ዋናው ገንዘብ ነው። በሴፕቴምበር 1949 ብሪታንያ ፓውንድን በዶላር ላይ ከ4.03 ወደ 2.80 አወረደችው። ሕንድም ሩፒዋን አብራ አወረደች። ፓኪስታን አላወርድም አለች። ትናንት እኩል የነበሩት ሁለቱ ሩፒዎች በአንድ ሌሊት ተለያዩ፦ 100 የፓኪስታን ሩፒ 144 የሕንድ ሩፒ ሆነ። የካልካታው ፋብሪካ ያንኑ ጁት ለማግኘት ግማሽ ያህል ጨምሮ ሊከፍል ነው። ሕንድ ይህን ምንዛሪ አልቀበልም አለች፣ ንግዱም ተቆለፈ። ቃጫው ድንበር ማዶ ተከምሮ፣ በዚህ በኩል ማሽኑ ሰዓቱን ቀንሶ ይሠራል። ሕንድ ምንዛሪውን የተቀበለችው በፌብሩዋሪ 1951 ነው። በመሐሉ ደግሞ በጁን 1950 የኮሪያ ጦርነት ተነስቶ የጥሬ ዕቃ ዋጋ ሰማይ ነካ። ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛዋ ግትሯ ፓኪስታን ናት ብሎ ደመደመ።

እስከ ጥፋተኛዋ ድረስ ያለው ወርቅ ነበር። መጨረሻው ግን እሳት ጫረ። ምላሽ 19 ፈጥኖ ደረሰ። ጥሬ ጁት ዋና መተዳደሪያዋ የሆነች አገር ጎረቤቷ ስለፈለገ ብቻ ዋጋዋን ለምን ትሰብራለች? ሕንድስ በበኩሏ የድንጋይ ከሰል መላክ አቁማ አልነበረም ወይ? ደግሞ የቤንጋሉ ገበሬ በዚህ ሁሉ ምን አገኘ? ምንዛሪውን የወሰኑት ከጁቱ እርሻ እጅግ ርቀው ካራቺ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ምላሽ 20 ደግሞ ሐሳብ የለውም፣ ስድብ ብቻ ነው። ሁለቱም ወገኖች በማያውቁት አገር ጉዳይ እንደሚፈተፍቱ፣ አንዱም ጁት በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ ጻፈ። አወያዩ ግማሹን ሰረዘበትና ክሩን ለአንድ ቀን ዘጋው።

እኔ በበኩሌ የምላሽ 19 የመጨረሻ ነጥብ ነው ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ። ገበሬው ኩሬ ውስጥ ቆሞ የላጠው ልጥ ምንም አልጎደለበትም። እንዳያልፍ የተደረገው ከእሱ እጅ ከወጣ በኋላ ነው።

ክሩ እንደገና ሲከፈት ሁሉም ተረጋግቶ መጣ። ምላሽ 21 ሰዎች ጁት ሲያጡ ምን እንዳደረጉ ሰበሰበ። ሕንድ በራሷ በኩል ጁት ማስፋፋት ያዘች፣ ሜስታ የሚባል የጁት ዘመድም ቀላቀለች፤ ቃጫው ሻካራ ቢሆንም ይፈተላል። ለቡናዋ ጆንያ የምትጨነቀው ብራዚል በአማዞን ወንዝ ዳር፣ ፓሪንቲንስ አካባቢ፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የጃፓን ስደተኞች ያለመዱትን ጁት አሰፋች። ምሥራቅ አፍሪካ ሲሳል ነበራት። ሌላው ሁሉ ወደ ወረቀት ዞረ። ወረቀት ደግሞ አዲስ አልነበረም፤ ጀርመኖች በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደባቸው ተዘግቶ ጁት ሲያጡ ወረቀት ቆርጠው እንደ ክር ፈትለው ጆንያ ሸምነዋል። ጋሼ እዚህ ላይ አላስችል ብሏቸው ገቡ፣ ምላሽ 22 ማለት ነው። የወደብ ሠራተኛ ጆንያ የሚያነሳው በብረት መንጠቆ ነበር። ጁቱ ላይ መንጠቆው ሲገባ ክሩን ገለል ያደርገዋል፣ ሲወጣ በእጅ ሻሸት ሲደረግ መልሶ ይገጥማል። ወረቀቱ ግን አንዴ ከተወጋ አለቀለት፣ ሲሚንቶው እግርህ ላይ ነው። የክብር ግጥሚያው በጁት አሸናፊነት ተጠናቀቀ።

ለጊዜው። ምላሽ 23 ታሪኩን ወደ ማብቂያው ወሰደው። ምሥራቅ ፓኪስታን ናራያንጋንጅ ላይ አዳምጂ የተባለውን ፋብሪካ ተከለች፣ በ1951 ሥራ ጀመረ፣ በዘመኑም የዓለም ትልቁ የጁት ፋብሪካ ለመባል በቃ። እርሻና ማሽን በመጨረሻ አንድ አገር ገቡ። ሦስት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1954፣ ጣሊያናዊው ኬሚስት ጁሊዮ ናታ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ፕላስቲክ ሠራ። ዛሬ ማዳበሪያ እያልን የምንጠራው የተሸመነ ፕላስቲክ ጆንያ የመጣው ከዚያ ነው። ዝናብ አይፈልግ፣ ኩሬ አይፈልግ። ገዢዎች ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ጁት ይመጣል አይመጣም እያሉ ስለተሰቃዩ ምትኩን ለመቀበል አላንገራገሩም። አዳምጂ በ2002 ተዘጋ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የመጀመሪያ ጽሑፌን አረምኩት። እርሻው ወድሞ ነው የሚለውን ሰርዤ፣ ጆንያው በምሽግ አልቆ፣ ገበሬው ሩዝ መርጦ፣ ድንበር ተሰምሮና ምንዛሪ ተጣልቶ እንደሆነ ጻፍኩ። ከ1947 በፊት ፓኪስታን ጁቱን ሁሉ ታመርት እንደነበርም አከልኩበት። ምላሽ 24 ወዲያው መጣ። ያው የምላሽ 3 ሰውዬ ነው። ከ1947 በፊት ፓኪስታን የሚባል አገር እንዳልነበረ ካወቅኩ እንዳሳውቀው ጠየቀኝ።